ጎማው በየት በኩል ነው የተበላው?

ጎማ በአንድ ጎኑ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «አላይመንት አሠራው»፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል በማሽን አስለክተህ አስተካክል። ለቤት መኪና ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለላንድክሩዘር፣ ለፓትሮል፣ ለሃይሉክስ ግን አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው። የላላ ነገር ይዞ ማሽኑ ላይ የወጣ መኪና ቁጥሩ ተስተካክሎ ይወርድና ኮብልስቶን ላይ ጥቂት እንደተመላለሰ ወደነበረበት ይመለሳል። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ የላላ ነገር፣ ከዚያ አላይመንት።

ጎሚስታው ጋ ከመሄድ በፊት ግን እያንዳንዱ ጎማ ላይ በቾክ «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» እያሉ መጻፍ ይገባል። አንዴ ቦታ ከተቀያየሩ ማስረጃው ጠፋ። የጥርሱን ጥልቀት በሚሊሜትር ከውስጥ፣ ከመሀልና ከውጪ ለኩ፤ ጎማውን እያዞራችሁም በሦስት አራት ቦታ ድገሙት። የ1 ሚሊሜትር ልዩነት አያስደነግጥም። 2 ከሞላ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ዳርና ዳሩ ተበልቶ መሀሉ ከቀረ ነፋሱ አንሷል፤ መሀሉ ከተበላ በዝቷል። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ነው፤ የሚለካውም ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ፖርቶ መጋላ፣ ጀሪካንና ተጨማሪ ባትሪ የተጫነበት መኪና ለጭነት የተጻፈውን ቁጥር ይከተል። የራሳችሁን መለኪያ ግዙ፤ በየደጁ የሚገኙት እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

«ቆላ ስወርድ ነፋሱ ይቀንሳል» የሚሉ ሰዎች ግማሹን ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ እዚህ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ እስከ ባሕር ጠለል ቢወርድ፣ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 28 ገደማ ያሳያል። ይህ ሙቀቱ ባይለወጥ ነው። በ15 ዲግሪ የተሞላው ጎማ አፋር ላይ 38 ዲግሪ ሲያገኘው ያጣውን ከሞላ ጎደል ይመልሳል። ዳርና ዳሩን የሚበላው ይህ ሳይሆን፣ ለአሸዋ ተብሎ ወደ 18 የተቀነሰውን ሳይሞሉ በአስፋልት መመለስ ነው።

የፊት ጎማዎች ውጪ ውጪያቸው ብቻ ሲያልቅ ከተማውንም ጠርጥሩ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ አደባባይና ዩ ተርን አይጠፋም፤ ሁሉም ወደ ግራ ስለሚዞር የከባድ መኪና ክብደት ቀኝ የፊት ጎማው ላይ ይወድቃል። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ቆሞ መሪ መጠምዘዝ ሌላው ጠላት ነው። ከተማው ይሁን ቶው፣ ማለትም የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ መዞር፣ የሚለየው መዳፍ ነው። መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ከዚያም ከውጪ ወደ ውስጥ አሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ሸካራ ከሆነ ቶው ነው። ከውስጥ ወደ ውጪ ሲሄድ የሚሻክር ከሆነ ጎማዎቹ ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ተዘግተዋል፤ በተቃራኒው ከሆነ ተከፍተዋል።

ቶውን በሜትር ማረጋገጥ ይቻላል። ፊቱን በክሪክ አንሱ፣ የኋላውን በድንጋይ ያዙ፣ ጎማውን እያሽከረከራችሁ መሀሉ ላይ ቀጭን መስመር አስምሩ። አውርዱትና ሦስት አራት ሜትር ወደፊት ግፉት፤ ወደኋላ አትመልሱት። ከዚያ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ከጎማው ፊትና ከጎማው ኋላ፣ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ለኩ። በብዙዎቹ መኪኖች የፊቱ ከ0 እስከ 3 ሚሊሜትር ያንሳል፤ የራሳችሁን መጽሐፍ እመኑ።

ልኩ ከተዛባ ታይ ሮዱን (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ከመጠምዘዝ በፊት የላላውን ፈልጉ። ጎማው ተነሥቶ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ታይ ሮዱ ወይም የመሪው ክፍል ነው። ከላይና ከታች ይዛችሁ ከተንቀሳቀሰ ግን አንድ ሰው ፍሬን ይያዝላችሁ፤ ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ (ጎማውን ከሱስፔንሽኑ ክንድ ጋር የሚያያይዘው ክብ መገጣጠሚያ) ነው፤ ድፍን አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል፣ ባለው ደግሞ የጎማ መዞሪያው ኩሽኔታዎች ናቸው።

አንድ ጎኑ ልስልስ ብሎ ከተበላ ካምበር፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ማዘንበል፣ ነው፤ እዚህ ላይ መኪናው ይለያል። 76፣ 78 እና 79 ላንድክሩዘር፣ የድሮው 80፣ ፓትሮል ዋይ 61 ፊታቸው ድፍን አክስል ስለሆነ ካምበር የሚስተካከልበት ብሎን የላቸውም። «ካምበሩን አስተካከልኩት» የሚል ጋራዥ ምን እንደነካ ይጠየቅ፤ ምክንያቱ የላላ ኩሽኔታ ወይም የታጠፈ አክስል ነው። ፕራዶ እንዲሁም ቪጎና ከሱ በኋላ የመጡት ሃይሉክሶች ግን ታችኛው የሱስፔንሽን ክንድ ላይ የሚዞር ብሎን አላቸው። ብሎኑ ብዙ ጊዜ ቡሹ (ብሎኑ የሚያልፍበት የክንዱ እጅጌ) ውስጥ ዝጎ ስለሚይዝ ከመፍታት በፊት ቦታውን አስምሩ። 5 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ የተደረጉት ላይ የብሎኑ መንገድ ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ የላይኛው ክንድ በሚስተካከል ይቀየራል። ሱስፔንሽን ከፍ አድርጎ አላይመንት አለማሠራት ጎማ መሸጥ ነው።

እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ የደከመ ሾክ አብዞርበር ወይም የባላንስ ችግር ነው። ሾኩ ላይ ዘይት ካለ ፍለጋው አለቀ። የጭቃ ጎማ ጥርሶች አንድ ጫፋቸው ከሌላው ቢያጥር ግን አትደንግጡ፤ የትልልቅ ጥርሶች ጠባይ ነው። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ስኮርታውን ጨምሮ ማቀያየር ያረጋጋዋል።

ማዕከላዊ ዲፍረንሻል (የፊቱና የኋላው አክስል በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው ክፍል) የሌለውን መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል መንዳት አራቱንም ጎማ ይፍቃል፤ ከጭቃው ስትወጡ ፎር ዊሉን ፍቱ።

ከጥገና በኋላ የተበላው ጎማ ተመልሶ አይሞላም። የመጀመሪያዎቹን ልኬቶች ጽፋችሁ ያዙና በ1,000 እና በ3,000 ኪሎ ሜትር ድገሙ። ልዩነቱ ባለበት ከቆመ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ከጨመረ ወደ ክሪኩ ተመለሱ።