ሶፋው በመስኮት ገባ

መርከባችን ማለዳ አምስተርዳም ደረሰች። ከጀርመኗ ኮሎኝ ተነስተን የራይንን ወንዝ ይዘን ነው የመጣነው። እማዬን እግሯን ያማታል፤ ቁጭ ብላ አገር ትይ ብዬ ነው።

ወደ ከተማው ያስገባችን ትንሽ ጀልባ ጣሪያዋ መስታወት ነው። ሄረንግራኽት የሚባለው ቦይ ላይ ስንደርስ እማዬ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። "ኧረ ልጄ፣ ይሄ ቤት ሊወድቅ ነው!" እውነቷን ነው። ጠባብ፣ ረጃጅም ቤቶች ተጣብቀው ቆመዋል፤ አንዱ ወደ ቦዩ ጎንበስ ብሏል፣ ሌላው ጎረቤቱን ተደግፏል።

አስጎብኚዋ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ወደ ፊት ያዘነበሉት ሆን ተብሎ ነው። ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚገባው በመስኮት ነው። ጣሪያው ሥር መንጠቆ አለ፤ ግድግዳው ስላዘነበለ በገመድ የሚጎተተው ዕቃ አይጋጨውም። ወደ ጎን የተጋደሙት ግን መሠረታቸው ከድቷቸው ነው። ከተማው ረግረግ ላይ ነው የተሠራው፤ ቤቶቹን የተሸከመው መሬት ውስጥ የተቀበረ ግንድ ነው። ግንዱ ውሃ ውስጥ እስካለ ደህና ነው። ውሃው ወርዶ አየር ሲያገኘው ነው ጉድ የሚፈላው።

እማዬን አልገረማትም። "የአጥር ቋሚም እኮ የሚበሰብሰው አፈሩ አፍ ላይ ነው። ስትነቅለው ታቹ ደህና ነው።"

ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት 13,659 ግንድ ላይ ቆሟል። ልጆች ቁጥሩን የሚይዙት በዘዴ ነው፦ የዓመቱን ቀን 365 ትጽፋለህ፣ ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9። እማዬ አሰብ አደረገችና "ጳጉሜን ጨምሮ ነዋ!" አለች።

ከጀልባዋ ወርደን ወደዚያው ስንሄድ አንድ ቤት ፊት ለፊት ቆመን ቀረን። ሁለት ጎረምሶች አረንጓዴ ሶፋ ሊያስገቡ ነው። አንዱ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሌላው እታች ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሶፋው አየር ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። እማዬ እግሯን ረሳችው። "ቀስ! ቀስ በል! መስታወቱን!" ትጮሃለች፣ በአማርኛ። የታችኛው ልጅ ዞሮ አውራ ጣቱን አሳያት። ሶፋው መስኮቱ ላይ ተቀረቀረ፤ እግሮቹን ፈትተው እንደገና ሞከሩ። ሲገባ አጨበጨበች።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሳንገባ የመርከባችን ሰዓት ደረሰ።

ማታ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቷ ደወለች። የሶፋውን ነገር ከጨረሰች በኋላ "ቤተ መንግሥትም ነበር፣ ከሩቅ አየነው" አለቻት።