ክብራን ገብርኤል ገጽ ላይ የቆሙት ሴቶች

እንግዶቹ የጣና ሐይቅ ገዳማትን ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ጀልባው ሊነሣ ሲል አስጎብኚው የጉዞውን ቅደም ተከተል እየነገራቸው «ክብራን ገብርኤል ስንደርስ የሚወርዱት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ እህቶቼ፣ እናንተ ጀልባው ላይ ትጠብቁናላችሁ» አለ። አንዷ ምንም ሳትናገር ስልኳን አውጥታ አሳየችው። የአስጎብኚ ድርጅቱ ድረ ገጽ ነው፤ «ክብራን ገብርኤል» ከሚለው ርዕስ በላይ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ገዳም ደጅ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«እነዚህስ በየት ገቡ?»

ክብራን ሴት እንደማይገባበት ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። አስጎብኚው ግን ፎቶውን አይቶ ክው አለ። ሊክደው አይችል፤ የራሳቸው ገጽ ነው። ቡድኑ አጠገቡ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ከዚያም ወደ ዘጌ ተወሰደ። ከክፍያውም ላይ ተቀነሰላቸው።

እኔ ጋ የተደወለው ጀልባው ገና ሳይመለስ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ሲበላሽ የምጠራ ነኝ። ሥራ አስኪያጇ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡም እንደ እናት ነው። «አንተ ልጅ፣ ማነው ክብራን ላይ ሴት ያቆመብን? መነኮሳቱ ቢያዩት ምን እንላለን?»

ገጹን ከፈትኩት። ጽሑፉ ልክ ነው፤ «ወደ ደሴቱ የሚወርዱት ወንዶች ብቻ ናቸው» ይላል፣ ግን ወደ ታች ወርዶ ነው፤ ማን እስከዚያ ያነባል? ድረ ገጹ የተሠራበት ፕሮግራም፣ ዎርድፕረስ፣ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበትን ቀን ያሳያል፤ ወራት አልፈውታል። ማንም አልነካውም። ታዲያ ፎቶው እንዴት ተለወጠ?

ዎርድፕረስ በተፈጥሮው ፊቸርድ ኢሜጅ፣ ማለትም ገጹ አናት ላይ የሚቀመጠውንና ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ አብሮ የሚወጣውን ፎቶ፣ የሚቀበለው ከራሱ የፎቶ ማስቀመጫ፣ ከሚዲያ ላይብረሪ፣ ብቻ ነው። እዚህ ግን በፊቸርድ ኢሜጅ ቦታ የውጭ ሊንክ የሚያስገባ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያ፣ ተጭኖ አገኘሁ። የገዳማቱ ፎቶ በሙሉ የሚመጣው ከፎቶ አንሺው የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ከጉግል ድራይቭ ነው። ምክንያቱን ጠየቅሁ። ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሆስቲንግ ትንሽ ቦታ ነው ያለው፣ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ አፕሎድ አያስጨርስም፣ ፎቶዎቹ ደግሞ ቀድሞውኑ ክላውድ ላይ፣ እዚያው ድራይቭ ውስጥ፣ ናቸው፤ ለምን ሁለት ጊዜ ይጫናሉ? ተባለ። አነጋገሩ ሞኝነት የለበትም። እኔም ብሆን ያን ቀን ይህን ብሰማ «ልክ ነው» ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ፎቶ አንሺውን ቢሮ ጠርተን ድራይቩን አብረን ከፈትነው። ነገሩ የተገለጠው የፋይሉን ስም ስናይ ነው። ካሜራ ፎቶዎቹን በተራ ቁጥር ይሰይማል፤ 9999 ላይ ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። የእሱ ካሜራ ዞሮ ሲመጣ፣ እንጦስ ኢየሱስ ላይ ያነሣቸው ሴቶች ፎቶ ከድሮው የክብራን ፎቶ ጋር አንድ ስም ያዘ። አንድ ፎልደር ውስጥ ሲጭነው ድራይቭ «ይህ ስም አለ፤ ልተካው ወይስ ሁለቱንም ላስቀምጥ?» ብሎ ጠየቀው። መቶ ምናምን ፎቶ ለመጫን የተቀመጠ ሰው ይህን አንብቦ ያስባል? «ተካ» ብሎ አለፈ። ድራይቭ ሲተካ ደግሞ አዲሱን ፎቶ የአሮጌው አዲስ ቅጂ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ሊንኩ ያው ነው። ድረ ገጹም ያንኑ ሊንክ ጠርቶ የመጣለትን አሳየ።

አንድ ነገር ተርፎልናል። ድራይቭ የተተካውን ቅጂ ለ30 ቀን ያህል ያቆያል፤ ቀኑ አላለፈም ነበርና የክብራኑን ፎቶ መለስነው።

ሥራ አስኪያጇ እዚህ ላይ ማቆም ፈልገው ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ ነገ ሌላ ቁጥር ይዞራል። ደግሞም የዚህ ዓይነት ሊንክ በሰው ፈቃድ የሚኖር ነው። በ2024 መጀመሪያ ጉግል ፋይል የሚያቀርብበትን መንገድ ሲቀይር፣ በድራይቭ ሊንክ የተሞሉ ስንት ድረ ገጾች ፎቶ አልባ ቀርተዋል። ድራይቭ ጎተራ ነው፤ እንግዳ ፊት የሚቀርበው ግን ሞሰብ ነው። ይህን ስላቸው ሳቁ፤ «ሞሰቡ ታዲያ ስንት ብር ነው?» አሉኝ።

ብር አልጠየቀም። የቦታው ስጋት የመጣው ፎቶዎቹን ካሜራው እንዳወጣቸው፣ እያንዳንዳቸውን ብዙ ሜጋባይት አድርገው ስለሚያስቧቸው ነው። ለፊቸርድ ኢሜጅ 1200 በ630 ፒክስል ይበቃል፤ በዚህ ልክ ተቆርጦ በጄፔግ ሲቀመጥ አብዛኛው ፎቶ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አያልፍም። የሁሉም ገዳማት ፎቶ ተደምሮ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያንሳል። ፎቶው ላይብረሪ ውስጥ ሲገባ ዎርድፕረስ ራሱ ትናንሽ መጠኖች ያዘጋጅለታል፤ በስልክ ዳታ የሚከፍት ሰው ትንሹን ያወርዳል። በውጭ ሊንክ ይህ አልነበረም። ፋይሎቹንም በቦታቸው ስም ሰየምናቸው፤ ፎቶ ሲቀየር ስሙም እንዲቀየር ተስማማን። ወደፊት ፎቶው በዝቶ ሆስቲንጉ ከጠበበ፣ ለድረ ገጽ ፋይል ማቅረቢያ ተብሎ የተሠራ የክላውድ ማከማቻ በራሳቸው ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ሥር መከራየት ይቻላል፤ ክላውድን አልጠላሁም። ፎቶ አንሺው ድራይቩን ለማኅደርነት ይዞ ቀጥሏል።

ያደከመን ቴሌግራም ነው። ገጹ ከተስተካከለ በኋላም ሊንኩ ሲለጠፍ እነዚያው ሴቶች ብቅ ይሉ ነበር፤ ቴሌግራም ቀድሞ ያየውን ፎቶ ይዞ ይቆያል። ዌብፔጅቦት ለሚባለው የራሱ ቦት ሊንኮቹን እየላክን አሳደስናቸው። ፌስቡክም የራሱ ማደሻ ገጽ አለው፤ እሱ ቶሎ አለቀ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጇ አስጎብኚውን አስቀምጠው ገጾቹን አንድ በአንድ አሳዩት፤ ፎቶና ቦታ ይገጥሙ እንደሆነ። ናርጋ ሥላሴ የተባለው ገዳም ገጽ ላይ ሲደርስ «ይሄ ዘጌ ነው፤ ከጀርባው ቡናውን አታዩትም?» አለ። ድራይቩን ፈተሽነው፤ ምንም የተተካ ነገር የለም። ፎቶው ድረ ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነበረ።

«ይሄኛውስ የክላውዱ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ይሄ የኛው ነው» አልኳቸው።