የ2:45 ቡድን አሯሯጭ

በትልልቅ የማራቶን ውድድሮች የሚሰለፉ አሯሯጮች ሥራቸው ግልጽ ነው። ከመሪዎቹ ፊት ይሆናሉ፣ የታዘዙትን ፍጥነት ሳያዛንፉ ይይዛሉ፣ ነፋሱን ይጋፈጣሉ፣ ከዚያም ግማሹን መንገድ ወይም 30ኛውን ኪሎ ሜትር ሲያልፉ ከውድድሩ ይወጣሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል የመጀመሪያውን ክፍል ያቀለሉለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ በሐዋሳ ግማሽ ማራቶን የምሠራው የአሯሯጭነት ሥራ ግን በሌላኛው ጫፍ ያለ ነው። የምመራቸው ሰዎች 21.0975 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለመጨረስ የሚያስቡ ናቸው። ሽልማት አይጠብቀንም፣ ካሜራ አይከተለንም፣ እኔም መንገድ ላይ አቋርጬ አልወጣም። ከሰዎቼ ጋር መጨረሻው መስመር ላይ ካልደረስሁ ሥራው አልተሠራም።

ቀስ ብሎ መሮጥ በእኛ አገር የተለየ ክብደት አለው። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1:02:52 ስትጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ትጨርስ ነበር፤ የእኔ ቡድን አንድ ኪሎ ሜትር በሚጨርስበት ጊዜ እርሷ ከሁለት ተኩል በላይ ትሄዳለች ማለት ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ ሯጭነትም በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ከማሸነፍ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ስለዚህ በጡረታ ላይ ያለ መምህር ሐኪሙ ስለ ደም ስኳሩ ሲነግረው ሶምሶማ ቢጀምር፣ ሰው ሳያየው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ባንክ ቤት ተቀምጣ የምትውል ሴት ከወሊድ በኋላ ጉልበቷን ለመመለስ ብትሮጥ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ለባልደረቦቿ አትናገርም። ወደ እኔ ቡድን የሚመጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጫማ ወይም ስለ ምግብ ሳይሆን «መጨረሻ ብወጣስ?» ብለው ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባን ጎዳና ለተራው ሰው ከፍቶለታል፤ ለዚህም ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው። ሆኖም የአሥር ኪሎ ሜትሩ ሕዝብ ቀርፋፋውን ሰው ይሸፍነዋል፣ ይሸከመዋልም። ግማሽ ማራቶን እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ይሳሳል፣ ፈጣኖቹ ይርቃሉ፣ ቀርፋፋው ሯጭ ከትራፊክ ፖሊሱና መንገዱ እስኪከፈት ከሚጠብቀው ባጃጅ ጋር ብቻውን ይቀራል። ብዙ ሰው ውድድሩን የሚያቋርጠው እግሩ እምቢ ስላለው ሳይሆን በዚያ ሰዓት «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» የሚል ሐሳብ ስለሚያሸንፈው ነው ብዬ አምናለሁ። አሯሯጭ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ስሌት ትንሽ ልዘርዝር፤ ይህ ክፍል ከልቤ የምወደው ነው። 2:45 ማለት አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ መጨረስ ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። የውድድር መንገድ የሚለካው በአጭሩ መስመር፣ ኩርባዎቹን ተጠግቶ ነው፤ በሰው መካከል የሚሄድ ቡድን ግን ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ ውኃ ለማንሳት ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል፣ በመጨረሻም የእጅ ሰዓቱ 21.3 ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል ይለዋል። በዚህ ርቀት 2:45 ለመግባት ሰዓቱ ላይ የሚነበበው ፍጥነት 7:45 መሆን አለበት። አራት ሰከንድ ኢምንት ትመስላለች፤ በጠቅላላው መንገድ ላይ ግን ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ትጠጋለችና 2:45ን ያለመ ሰው 2:46 ላይ ገብቶ የሚያዝነው በዚህች ምክንያት ነው። ስለዚህ የሰዓቱን ፍጥነት እንደ መጨረሻ ፍርድ አልቀበልም። በክንዴ ላይ በእስክሪፕቶ እጽፋለሁ፦ በ5ኛው ኪሎ ሜትር 39:06፣ በ10ኛው 1:18:12፣ በ15ኛው 1:57:19፣ በ20ኛው 2:36:25። በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ ስደርስ ከእነዚህ ጋር አስተያያለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሆን ብዬ በ8:05 እይዛለሁ። የምናጣው 32 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ሦስት ሰከንድ ብንቆጥብ 13ኛው ላይ ሳንደርስ ተመልሶልናል። ይህንን አስቀድሜ ለሁሉም እነግራለሁ፣ ምክንያቱም ከመነሻው ላይ ሁሉም ሰው ሲያልፈን የቡድኑ ፊት ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ከጎኔ እያፈተለከ ወደፊት መሄድ ይጀምራል።

በሐዋሳ ይህ ፈተና ከሌላ ቦታ ይልቅ ይብሳል። አብዛኞቹ ሰዎቼ የሚለማመዱት በአዲስ አበባ ነው፤ ጃን ሜዳ ላይ፣ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ፣ የቻሉት ደግሞ በእንጦጦ ዳገት ላይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስትገኝ ሐዋሳ ግን ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ከላይ የወረደ ሰው በሐዋሳ ሜዳማ ጎዳና ላይ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሲሮጥ ትንፋሹ ያለልማዱ ቀና ይልለታል፣ እግሩ ይቀልለዋል፣ «ዛሬ ሌላ ሰው ሆኛለሁ» ብሎ ያስባል። ስሜቱ እውነት ነው፣ አየሩ በእርግጥ የተሻለ ኦክስጅን አለው። ነገር ግን ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ሞቃት ናት፤ ሙቀቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፣ ቀስ በቀስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀምና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሂሳቡን ይጠይቃል። ፈጣኑ ሯጭ ፀሐይዋ ሳትበረታ ገብቶ ያርፋል። እኛ ግን ከበረታች በኋላ ገና አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ይቀረናል። ለዚህ ነው ቀርፋፋ ሯጭን ያለ ዕቅድ መልቀቅ ፈጣኑን ከመልቀቅ የበለጠ የሚያሳስበኝ፤ መንገዱ ላይ የሚቆየው ጊዜ ረጅም ነው፣ የሚገጥመውም የቀኑ ከባዱ ክፍል ነው።

ቡድኔ የሚሄደው አራት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ በመራመድ ነው። ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አሜሪካን ወክሎ የሮጠው ጄፍ ጋሎዌይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለጀማሪዎች ሲያስተምረው የኖረ ነው። በፈጣን እርምጃ በአንዷ ደቂቃ 95 ሜትር ያህል እንሄዳለን፤ ስለዚህ በአራቱ ደቂቃ የምንሮጠው በኪሎ ሜትር 7:20 ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ቁጥሩን ማሳመን ቀላል ነው፣ ሰውን ማሳመን ግን ይከብዳል። መራመድ ሽንፈት ነው የሚል እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው አምስተኛ ደቂቃ ላይ ማንም ሳይደክመው እጄን አንሥቼ «አሁን እንራመድ» ስል ዳር የቆሙት ሰዎች እንዴት እንደሚያዩን ሁሉም ይሰማዋል። የዘዴው ቁም ነገር ግን እዚያው ላይ ነው። የደከመ ሰው የሚራመደው እርምጃ የደከመውን ጡንቻ አያድሰውም፤ ያልደከመ ሰው የሚራመደው ግን ድካሙን ወደ ኋላ ይገፋለታል። እጄን ሳነሣ ሁላችንም ወደ ቀኝ ዳር እንወጣለን፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይደናቀፍ።

ስንሮጥ እናወራለን። ማውራት መቻላቸው ራሱ መለኪያዬ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ ነው። ዝም ያለውን ሰው ሁልጊዜ አየዋለሁ። አንዳንድ አሯሯጮች ያለማቋረጥ «አይዟችሁ፣ በርቱ» ይላሉ፤ እኔ ከዚያ ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን መንገር እመርጣለሁ፤ ከፊታችን ጥላ እንዳለ፣ ውኃው በግራ በኩል እንደሆነ፣ የሚቀጥለው እርምጃ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚጀምር። የደከመ ሰው የሚፈልገው ምስጋና ሳይሆን የተወሰነች፣ የምትደረስ ነገር ናት።

ስለ ውኃ አጭር ቃል። የእኛ ሰው ቀርፋፋ ሯጭን «ጠጣ፣ ጠጣ» ማለት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ነበር፤ ይህ የታየው በተለይ ብዙ በመጠጣት ክብደታቸው በጨመረና መንገድ ላይ ረጅም ሰዓት በቆዩ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ የምመክረው እንደ ጥማት መጠጣትን፣ ጠዋት በሶ መጠጣትን፣ በኪስም ጥቂት ቴምር መያዝን ነው።

ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የአሯሯጭነት ትክክለኛ ጥያቄ ይመጣል፦ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሲቀር ምን ይደረጋል? ከርሱ ጋር ብቀር 2:45ን ያመኑትን ሌሎቹን ከድቻለሁ፤ ጥዬው ብሄድ ደግሞ ያንን ከሁሉ የከፋውን ብቸኝነት ለራሱ ትቼለታለሁ። ስለዚህ ብቻዬን አልመራም። ከቡድኑ ኋላ የሚሮጥ ረዳት አለ፣ የሚቀረውም ሰው ከርሱ ጋር ይቀራል፤ ይህ ከመነሻው በፊት ለሁሉም የተነገረ ስለሆነ ማንም እንደተጣለ አይሰማውም። አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ መምህር ጉልበታቸውን ይዘው ሲዘገዩ ፍጥነቴን መቀነስ ጀመርሁ። «ልጄ፣ አንተ ሂድ፣ እነሱን አድርስ፤ እኔ ከልጁ ጋር እመጣለሁ» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ እጠብቅዎታለሁ» ብዬ ሄድሁ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ማራቶን ፓውላ ራድክሊፍ በሕመም ወደ ኋላ ስትቀር ዘወር እያለች እንዳበረታታቻት፣ ከዚያም ወደፊት ሄዳ እንዳሸነፈች ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዞር ብሎ ማየትና ወደፊት መሄድ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳየች እርሷ ናት። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ አንድ ሰው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም የት እንዳለ ግራ ከገባው ሰዓቱ ይቀራል፤ ሁላችንም ቆመን ጥላ እንፈልጋለን፣ ውኃ እናፈስስበታለን፣ የሕክምና ሰዎችን እንጠራለን።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ላይ አቅም የተረፋቸውን እለቃለሁ። ያን ጊዜ ዕቅዱ ትርጉሙን ያገኛል፤ ከመነሻው ጥለውን የሄዱትን ብዙዎቹን የምናገኛቸው እዚያ ነው፣ እየተራመዱ። እነርሱንም እንጠራቸዋለን፤ ጥቂቶቹ ይከተሉናል። እኔ ከ2:44 እስከ 2:45 ባለው መካከል ለመግባት እጥራለሁ፣ ቀድሞ መግባት ለአሯሯጭ ጥሩ ሥራ አይደለምና።

ለውድድር አዘጋጆች ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የመጨረሻው ሰው ከመግባቱ በፊት የውኃ ጠረጴዛ አይነሣ፣ ሜዳሊያም አይለቅ። በብዙ ውድድሮች ላይ ውኃ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ባዶ ካርቶን የሚያገኝ ሰው ነው፤ የከፈለው ግን እንደ ሌላው እኩል ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የሦስት ሰዓት ቡድን መኖር አለበት፤ 2:45 ለብዙ ሰው ገና ፈጣን ነው። ስሌቱ ተዘጋጅቷል፦ በኪሎ ሜትር 8:32፣ ሁለት ደቂቃ ሩጫ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ሩጫው በ7:47 ገደማ። የሚያስፈልገው ይህንን ርቀት ብቻውን በ2:30 ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያለ ጭንቀት የሚጨርስ፣ ፍጥነቱን ለሌሎች ሲል ለሦስት ሰዓት የሚይዝ ትዕግሥት ያለው ሰው፣ ከኋላ የሚሄድም አንድ ረዳት ነው። ፈቃደኛ የሆነ ቅዳሜ ጠዋት ጃን ሜዳ ይምጣ፤ መጀመሪያ ከ2:45 ቡድን ኋላ ረዳት ሆኖ ይለማመዳል።