ጥር ላይ 8 ነው የሚደመረው

ደብረ ብርሃን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እፍረቱን ከአሁኑ ልገላገለው ብዬ ነው። አሜሪካ ያለችው ሚስቴ ዘንድ እንዳልሄድ ስድስት ወር ያቆመኝ ነገር የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ድምር ነው። 2011 ሲደመር 8።

ባለቤቴ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ አብራ ሄደች። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምትባል ከተማ ኖራ ዜግነት አገኘች። ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯ የገባችው ሐምሌ 2010 ነው። ይቺን ወር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። አጎቷ ቤት ቡና ላይ ተዋወቅን፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ጥር ላይ ተመልሳ መጣች። ጥር 19 ቀን 2011፣ እሑድ፣ ተጋባን።

ሰፈር ውስጥ "በሚስቱ ሻንጣ ሊሄድ ነው" ተባለ። በእኛ በኩል ወንድ ሚስት ያመጣል እንጂ ሚስት ባል አትወስድም። መጀመሪያ ከነከነኝ። ኋላ ተውኩት። ሻንጣዋ ሰፊ ነው።

"በእጮኛ ቪዛ ሂድ፣ እሱ ይፈጥናል" ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። በእጮኛ ከሄዳችሁ በገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ እዚያ መጋባት አለባችሁ። ከዚያ ለግሪን ካርድ እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መክፈል አለ። ደግሞስ እናቴን "ሰርጉ አሜሪካ ነው" ልበላት? ጠላው የተጠመቀው ለማን ነው?

የተለመደውን ሒደት ቶሎ ልለፈው። ባለቤቴ ባሏን ለመውሰድ የሚሞላውን አይ-130 የሚባለውን ፎርም ግንቦት 2011 አስገባች፣ ያኔ ክፍያው 535 ዶላር ነበር። ጥር 2012 ጸደቀ። ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ወዳለው የቪዛ ማዕከል ሄደ። እዚያ 325 እና 120 ዶላር ተከፈለ። የቪዛ ማመልከቻውን፣ ዲኤስ-260ን፣ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ሞላሁ። እሷ አይ-864 በሚባለው ፎርም ላይ በገንዘብ እንደምትደግፈኝ ፈረመች። ገቢዋ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረስ ነበረበት፣ በፈረንጆቹ 2020 ለሁለት ሰው 21,550 ዶላር ማለት ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትርፍ ሰዓት እየሠራች አለፈችው። ከዚያ ኮሮና መጣና በየአገሩ የቪዛ አገልግሎት ቆመ። እኛም ቆምን። እንደገና ሲከፈት የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደረሰኝ፦ ታኅሣሥ 6 ቀን 2013። የፖሊስ አሻራ ሰጠሁ፣ አይኦኤም የሚባለው የፍልሰት ድርጅት ሄጄ የጤና ምርመራ አደረግሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ የጨረስኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። አሰልቺ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ቪዛው እጅህ ሳይገባ ሥራህን አትልቀቅ፣ ንብረትህን አትሽጥ ይላል መመሪያው። አንብቤዋለሁ። ግን ቀጠሮ የደረሰው ሰው ልቡ ቀድሞ ይበራል። ሥራዬን ለቀቅሁ። መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተው የመንዝ በርኖስ ገዙልኝ። ሽኝት ተደረገ፣ በግ ታረደ፣ ተመረቅሁ። አንድ ባልደረባዬ አለቀሰ። ይህ ሁሉ ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው።

ጉዳይ አስፈጻሚው "የቫይበር ወሬያችሁን በሙሉ አሳትም" ብሎኝ ነበር። ከ200 ገጽ በላይ አሳተምኩ። የሰርጉን አልበም ጨመርኩ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድሬ፣ በማለዳ ያን ሁሉ ተሸክሜ ሽሮ ሜዳ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ደረስኩ። ማንም አልገለጠውም።

መስኮቱ ጋ ተጠራሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ቆንስሏ ወጣት ናት፣ አጠገቧ አስተርጓሚ አለ።

"መቼ ተጋባችሁ?"

"ጥር 19፣ 2011።"

"በእኛስ አቆጣጠር?"

"ጃንዋሪ 27፣ 2019።"

ወረቀት አገላበጠች። "ባለቤትህ ከሄደች በኋላ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው መቼ ነው?"

"ጁላይ 2018።"

"ታዲያ ጃንዋሪ 2018 ላይ እንዴት አገባችህ?"

አስተርጓሚው የተሳሳተ መሰለኝ። እንደገና ጠየቅሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። አማርኛው "ጥር 19 ቀን 2011" ይላል። ከጎኑ በእንግሊዝኛ "ጃንዋሪ 27፣ 2018"። በወረቀቱ መሠረት ያገባኋት ገና ሳልተዋወቃት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛና በፈረንጆቹ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 7 ነው። የእነሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ቀበሌ ያለው ጸሐፊ ከመስከረም ጀምሮ 7 ሲደምር ከርሞ እጁ ለምዷል። ወሩንና ቀኑን በትክክል ቀየረና ዓመቱ ላይ ያንኑ 7 ደመረ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ስንት ጥንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ እንደሚዞር እግዜር ይወቀው።

ባለቤቴ ፎርሙን የሞላችው ከጭንቅላቷ ነው፣ ትክክለኛውን ቀን ጽፋለች። እኔ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቀምጬዋለሁ። ስሜን አይቻለሁ። ፎቶውን አይቻለሁ። ማኅተሙ መኖሩን አይቻለሁ። ቁጥሩን አላየሁም። የቪዛ ማዕከሉም "ሰነድህ ተሟልቷል" የሚል መልእክት ልኮልኛል። ያን መልእክት አትመኑት። ወረቀቱ አለ ማለት እንጂ ወረቀቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።

221(ጂ) የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ጉዳዩ አልተዘጋም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተስተካከለ ሰነድ አምጣ ማለት ነው። ከላምበረት ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያን ቀን ግን የሚያጥር መስሎኝ ፈራሁ። መናኸሪያ ሳልደርስ ወረድኩና በጓሮ በኩል ቤቴ ገባሁ። ሸኝቶ ያለቀሰልህን ሰው በሳምንቱ "እንዴት ዋልክ" ማለት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ቀበሌው ብርድ ነው። የታኅሣሥ ደብረ ብርሃን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የማይዘጋ በር። የሽኝቴን በርኖስ ደርቤ ነው ወረፋ የያዝኩት። ሌላ የሚያሞቅ ልብስ አልነበረኝም፣ ለወንድሞቼ አድዬ ጨርሻለሁ። መጀመሪያ ቀን "ባለሙያው ስብሰባ ነው" ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን መብራት የለም። ሦስተኛ ቀን ባለሙያው ተገኘ። ቀና ሲል አወቅሁት። ተማሪዬ ነበር።

"ቲቸር! አልሄዱም እንዴ?"

ወረቀቱን ዘርግቼ "2011 ሲደመር ስንት ነው የሠራኸው?" አልኩት። አየው። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ግን ቶሎ ወደ ሥራ ፊቱ ተመለሰ። መዝገቡን አውጥቶ የእኔን ፊርማ በጣቱ እያሳየ "እርስዎም እኮ አይተው ፈርመዋል" አለኝ። እውነቱን ነው። ማንን ልቆጣ? ያስተማርኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ።

"አንዴ ከወጣ እኛ አንነካውም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡ" አለ።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው አየና "መዝገቡ ላይ ያለው የአማርኛ ቀን ልክ ነው፣ ምኑ ይታረም ተብሎ ይታዘዛል? ቀበሌ ይጨርስልህ" አለኝ። ቀበሌ ተመለስኩ። "ይህንኑ በጽሑፍ ያምጡ።" ፍርድ ቤት ተመለስኩ። "ያልወሰንነውን አንጽፍም።" ሦስት ዙር እንዲህ ሄድኩ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ጥር 19 ሁለተኛ ዓመታችን ያለፈው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ባለቤቴ ደውላ "የት ነህ?" ስትለኝ "ሰርጋችንን እያስመዘገብኩ" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።

መፍትሔው ከባለሥልጣን አልመጣም። የፋይል ክፍል የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። ማኅተም ሲመቱ ቀለሙ በብርዱ ስለሚደርቅ አፋቸው ጋ አስጠግተው እፍ፣ እፍ ይሉበታል፣ ከዚያ ነው የሚያሳርፉት። ስመላለስ ሲያዩኝ ከርመው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ማን 'ይታረምልኝ' በል አለህ?"

"ተሳስቶ ነዋ፣ እትዬ።"

"'ይታረም' ካልክ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ጥፋተኛ መሆን የሚፈልግ የለም። 'ምትክ ይሰጠኝ' በል። ምትክ የሚገለበጠው ከመዝገቡ ነው፣ መዝገቡ ደግሞ ልክ ነው።"

አንዲት ቃል። ወር ከምናምን የተንከራተትኩባት ቃል። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ያናድደኛል።

ምትኩ ግን ሁለታችንንም ፈለገ። ስለዚህ ባለቤቴ ውክልና ላከች። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን አረጋገጠው፣ በዲኤችኤል መጣ፣ ውጭ ጉዳይ አረጋገጠው፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዘገበ። ይህንን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። አንዱን ዘላችሁ ቀበሌ ብትሄዱ ትመለሳላችሁ። እንዲያውም የእኔ ምክር፣ ሚስት ወይም ባል ከሰርጉ በኋላ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ውክልና ሰጥተው ይሂዱ። "ምን ያደርጋል" ይላሉ። ያደርጋል።

መጋቢት ላይ አዲሱ ወረቀት ወጣ። ጃንዋሪ 27፣ 2019። ተንፈስ አልኩ። ግን ተምሬአለሁ፣ ከመስኮቱ ሳልነቃነቅ እያንዳንዷን ፊደል ማንበብ ጀመርኩ። የሚስቴ አባት ስም በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ጎድሎታል። የሚስቴ ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም።

"ቲቸር፣ ይቺማ ምን አላት?" አለኝ ልጁ።

"ድጋሚ" አልኩት። ክፍል ውስጥ የምናገርበት ድምፅ ነው የወጣኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙ። አልተነቃነቅሁም። ማኅተም ያዥዋ ወጥተው ነበር፣ እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ሁለቱም ወረቀቶች የአንድ ጋብቻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤም አጻፍኩ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም። እናንተም ሳትጠየቁ አጽፉ።

የጤና ምርመራው የሚያገለግለው ለስድስት ወር ስለሆነ አለፈበት፣ እንደገና ከፈልኩ። ሰኔ ላይ ቪዛው ተመታ። ሐምሌ 2013 ዴንቨር ገባሁ። ከመዘግየቱ ያተረፍኩት አንድ ነገር አለ። ስትገቡ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው፣ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ደግሞ ሌላ ፎርም ይሞላል። የእኛ ሁለት ዓመት ስላለፈው የ10 ዓመቱን ተቀበልኩ። ባለቤቴ "ለበጎ ነው" ትላለች። እኔ ገና አልተስማማሁም።

እዚህ ስሜ ተቀይሯል። እነሱ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል፣ የእኔ የመጨረሻ ስም የአያቴ ነው። አያቴ ከሸዋ ወጥተው አያውቁም። ዛሬ የመብራቱም የስልኩም ደረሰኝ አውሮራ ድረስ በእሳቸው ስም ይመጣል። ብርዱን አትችለውም ያሉኝም ነበሩ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ እኔ የመጣሁት ከ2,800 ነው። በርኖሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

ጥር 2016 የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ አገባች። ባሏ ያለው ካናዳ ነው። የሰርጓ ቀን ከእኔው ጋር አንድ ሆነ፦ ጥር 19፣ እሑድ። ገና ሙሽራ ሳለች "የጋብቻ ወረቀትሽን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ" አልኳት። ላከችልኝ። አጉልቼ አየሁት። ዓመቱ 2024፣ ልክ ነው። 8 ደምረዋል። ደስ አለኝ። ቀኑን አየሁ። ጃንዋሪ 27 ይላል።

2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ የዚያ ዓመት ጥር 19 የሚውለው ጃንዋሪ 28 ላይ ነው።

ደወልኩላት። "የት ነሽ?"

"ቤት ነኝ፣ እንግዳ አለ። ምነው?"

"ነገ በጠዋት ቀበሌ ሂጂ" አልኳት። "ደግሞ ይታረምልኝ እንዳትዪ።"