ንፍሮ ድስት ውስጥ የገባው ቴርሞስታት

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የንፍሮ ድስቷን ፈልጋ አጣች። ድስቱ ጓሮ ነበር፤ ከሰል ምድጃ ላይ ተጥዶ። ውስጡ ያለው ግን ባቄላ አይደለም። በሽቦ የተንጠለጠለ ቴርሞስታት፣ ማለትም የመኪና ሞተር ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ እና ከትምህርት ቤት የተዋስኩት ቴርሞሜትር ነው።

«ምን እየቀቀልክ ነው?»

«የመኪናዋን ዕቃ።»

«እሰይ። ምሳችንን እሷ ታበላናለቻ!»

እናቴ መኪናዋን «እሷ» ነው የምትላት። ምራት ስትጠብቅ የመጣችባት ቢኤም ደብልዩ ስለሆነች አልፈርድባትም።

መኪናዋ 525 አይ ናት። በፈረንጆቹ 1991 የተሠራች፣ ኢ 34 ከሚባለው ትውልድ። ሞተሯ 2.5 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 24 ቫልቭ። ወረቀቷ 192 የፈረስ ጉልበት ይላል። በ2013 ስገዛት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ሦስት ዓመት ቆማ ነበር። የኋላው መስኮት ስለማይዘጋ ዶሮ ወንበሩ ላይ እንቁላል ትጥልበታለች። ዋጋዋን እናቴም አታውቅም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ስለ 192ቱ ፈረሶች አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 50 የሚሆኑት ፈረሶቼ ከተማ ሳይገቡ ቀርተዋል። የቀሩት ይበቁኛል። ታኮሜትሩ 4,000ን ሲያልፍ የምታሰማውን ድምፅ በቃላት መግለጽ አልችልም፤ መምህር ነኝ እንጂ ገጣሚ አይደለሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሙቀት ችግር የሚባል አላየሁም። እንዲያውም የሙቀት ቀስቷ ከሰማያዊው መስመር ብዙም አትርቅም ነበር። «ብርዱ ነው» እላለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት መስታወት ላይ የጋገረ ውርጭ በሞባይል ካርድ ሲፍቅ የሚያረፍድ ሰው፣ ሞተሬ አልሞቀም ብሎ አይጨነቅም። ቤንዚን አብዝታ ትጠጣለች። እሱንም ለእርጅና ሰጠሁት።

ጥር 2015 የአክስቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ አገባች። እናቴም የተወለደችው እዚያ ነው። ስንወርድ ሁሉም ሰላም። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ፣ ፍሬን እየቆጠብኩ፣ በኩራት ወረድኩ። ችግሩ መመለሻው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ። መኪናው ውስጥ አምስት ሰው አለ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ደግሞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት። ደብረ ሲናን አልፈን ጠመዝማዛውን ስንይዝ፣ ሁለት ዓመት ተኝታ የነበረችው ቀስት ተነሣች። መሀል ደረሰች። መሀሉን አለፈች። ቀዩን ነካች።

ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ለበለበው። ቆሎ ሻጮቹ መጡ፤ የደብረ ሲና መንገድ መቼም ያለ ቆሎ ሻጭ አይሆንም። አንዷ የመጠጥ ውሃዋን በጄሪካን ይዛልኝ መጣች። «ውሃ ይጨመርበት!» አለ ሁሉም። አክስቶቼም፣ አላፊ አግዳሚውም። አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ መሰለኝ። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩና ያን የጣርማ በር ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ቸለስኩት።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። መካኒክ የለበት፣ ደላላ የለበት። የሞተሩ ብሎክ ብረት ነው፤ ከላዩ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ግን አልሙኒየም። አልሙኒየም በሙቀት ከብረት ይልቅ ይለጠጣል፤ በቅዝቃዜም እንደዚያው ይሰበሰባል። በግለቱ ላይ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ዕለት ግን ጄሪካኑን እንጂ ሰሌዳውን አላስታወስኩም።

የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣ ጀመር። አንድ አይሱዙ ጎትቶ አሻገረን። 600 ሜትር የማይሞላው ዋሻ ያን ቀን አላልቅ አለኝ። በጨለማው መሀል እናቴ ከኋላ፣ «ቢኤም ደብልዩ ማለት የሚጎተት ነው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ማንም አልሳቀም።

ጎረቤቴ ጋሼ በአሰብ መንገድ ኤን ትሬ የሚባለውን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በማግስቱ የዘይት መለኪያዋን መዘው አዩ። ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል።

«አስተማሪው፣ ውሃና ዘይት ተጋብተውልሃል» አሉኝ። «ቴስታታው ይወርዳል።»

«ጋራዥ ልውሰዳት?»

«እጅ የለህም? ክረምት ሲመጣ ሥራ ፈት አይደለህ እንዴ?»

ክረምቱን ሸራ ወጥሬ ገባሁበት። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ እኔ እፈታለሁ። ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ካርቶን ነው። የክፍሉን ቅርጽ ካርቶን ላይ እስላለሁ፤ የፈታሁትን እያንዳንዱን ብሎን በመጣበት ቦታ እወጋዋለሁ። አንድም ብሎን አልጠፋብኝም። የጠፋው 10 ቁጥር ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱ መቼም የማይጠፋበት ሰው የለም።

የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍት ባዶ ነው። ቴርሞስታት የለም! ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ጋራዥ አውጥቶ ጥሎታል። ይህን ልማድ የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። መኪና ሲሞቅ መጀመሪያ የሚደረገው «ይህ ነገር ውሃ ይዘጋል» ብሎ ቴርሞስታት መጣል ነው። ምክንያቱን መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፤ መጣል አምስት ደቂቃ።

ቴርሞስታቱ ግን ሁለት ሥራ አለው። ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ሲሞቅ ደግሞ ያንን ይከፍትና ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ናቸው። ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አቀበት ላይ ደግሞ የፈላው ውሃ ከፊሉ በአቋራጩ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳው ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ሸፈነልኝ። ጣርማ በር ግን አልሸፈነልኝም።

የውሃ ፖምፓውም ጉድ ነበረው። የዚህ ሞተር የድሮ ፖምፓ ክንፉ ፕላስቲክ ነው፤ በጊዜ ብዛት ይሰባበራል። የእኔው ሁለት ክንፍ ጎድሎታል። ስብርባሪውን ማኒኮቶ (የውሃው ጎማ ቱቦ) ውስጥ አገኘሁት። የብረት ክንፍ ያለው አዲስ ፖምፓ ዱባይ የሚመላለስ የጓደኛዬ ወንድም በሻንጣ አመጣልኝ። ከጥር 2016 ወዲህ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ የድሮ መኪና የያዘ ሰው ዕቃውን ሲያገኝ መጨቃጨቅ የለበትም። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራም፣ ያለው ይኸው የቆየው ነው፤ በየዓመቱ እየሳሳ።

ቴስታታውን በእናቴ ባና ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ 130 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ረቲፊካ (የሞተር ክፍል የሚላግበት ቤት) ወሰድኩት። ተላግቶ፣ ስንጥቅ እንደሌለው በግፊት ተፈትሾ ተመለሰ። ባናው ግን አልተመለሰም። ማለቴ ተመልሷል፤ ግን ዘይት ጠጥቶ። የመንዝ በግ ሱፍ ነው። እስከ ዛሬ ይነሣብኛል።

ማሰሩ ላይ ፈራሁ። 14 ብሎኖች አሉ። ሲታሰሩ ስለሚለጠጡ አንዴ ከተፈቱ አይደገሙም፤ አዲስ ነው የሚገባው። ከመሀል ወደ ዳር በቅደም ተከተል መጀመሪያ በ30 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ እያንዳንዱ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች፣ ተዋስኩ። የዲግሪ መለኪያ ግን ከየት ይምጣ? ትምህርት ቤት ሄጄ ሰሌዳ ላይ የምንሠራበትን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር አመጣሁ። ጋሼ ሲያዩት ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። ሠርቷል ግን።

እንግዲህ ወደ ድስቱ።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠሜ በፊት መፈተሽ ፈለግኩ። ላዩ ላይ 92 የሚል ተቀርጾበታል፤ በ92 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞስታቱ ጥርሱን ነክሶ ዝም። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ከሰል ጨመርኩ። ዝም። በንዴት ሶማሌ ተራ ለሸጠልኝ ልጅ ደወልኩ።

«ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ!»

«ወንድሜ፣ በማርያም ኦሪጅናል ነው!»

ያልተባባልነው የለም። እናቴ ድስቷን ለመውሰድ ከጎኔ ቆማለች። ስልኩን ስዘጋው እንዲህ አለች፦ «ምን ያነጫንጭሃል? እዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ መች ያበስላል። እኛ ጋ እኮ ባቄላ ተጥዶ ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ይበስላል። እዚህ እስከ ማታ ነው።»

ቴርሞሜትሩን ተመለከትኩ። 90 ከምናምን ነው። ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

አፌን ያዝኩ። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 በታች ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ በ90 ገደማ። ከዚያ በኋላ ከሰሉን ብትከምረው ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። በ92 የሚከፈት ቴርሞስታት እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቢቀቀል አይከፈትም። ስንት ዓመት ነው ይህን ያስተማርኩት? በአሮጌ የቲማቲም ጣሳ የሞተር ዘይት አሞቅኩና እሱ ውስጥ ነከርኩት። ዘይት በዚህ ሙቀት አይፈላም፤ 92ን እንዳለፈ ቴርሞስታቱ ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። ልጁን መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀብኝ። «ታዲያ ሻይ እንዴት ነው የምታፈሉት እዚያ?» አለኝ።

የራዲያተር ክዳን በደንብ የገባኝም ያን ቀን ነው። ክዳኑ ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የተደረገ መክደኛ አይደለም። ግፊት አምቆ ይይዛል። ከውጭው አየር በላይ አንድ ባር ያህል ግፊት ከያዘ እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው 110 አልፎም አይፈላም። የእኔ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ምንም አይዝም። ሁለት ዓመት የነዳሁት ክፍት የንፍሮ ድስት ነበር ማለት ነው። አዲስ ክዳን ገዛሁ። ለእናቴም ፕሬዠር ኩከር። እስካሁን ትፈራዋለች፤ ፉጨቱ ሲጀምር ከማድ ቤት ወጥታ በረንዳ ላይ ትጠብቃለች።

ከዚያ በኋላ ቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልቼ አላውቅም። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ኩላንት። አይዝግም፤ ውርጭም አያስፈራውም። ስሞላ አፍንጫዋን ወደ አቀበት አቆማታለሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አድርጌ አረፋው እስኪያልቅ በቀስታ እሞላለሁ። ብሎኗ ፕላስቲክ ናት፤ ጠበቅ ያደረገ ይሰብራታል። አንዷን ሰብሬ ነው የማወራው።

ሌላ የሠራሁት ብዙም አያስወራም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትሄድ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎሚስታው ባላንስ ሁለት ጊዜ ሠራና ገንዘቤን በላ፤ ችግሩ የፊት እግሯ ቡሾች ነበሩ። የፍሬን ሸራ ቀየርኩ። የዶሮዋን ሽታ ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍኩትም፤ ዝናብ ሲዘንብ ይመጣል።

መንገዱ ሰላም በነበረበት አንድ ሰሞን እንደገና ሸዋ ሮቢት ወረድን። ጋሼ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ። ጆንያ ሽንኩርቱም አለ፤ ፈተና ከሆነ እኩል ይሁን ብዬ። ደብረ ሲናን አልፈን ጠመዝማዛው ጀመረ። ሦስተኛ ማርሽ። ሁለተኛ። ዓይኔ መንገድ ላይ መሆን ሲገባው ቀስቷ ላይ ነው። መሀል ላይ ቆማለች። ጋሼ፣ «አስተማሪው፣ ገደል አለ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የቆምኩበት ቦታ ስደርስ ምንም ሳትሆን አቆምኳት። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። የሚጨስ የለም፤ የሚንጠባጠብ የለም። ቆሎ ሻጮቹ ግን ኮፈን ሲከፈት አይተው ጄሪካን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ውሃ እንጨምርበት?»

«ቆሎ ስጡን» አለቻቸው እናቴ በመስኮቱ።