የዕለቱ ባለ ተራ

የአስጎብኚ ቢሯችን ኃላፊ ያን ጠዋት የሰጡን ትእዛዝ አጭር ነበር። «እነዚህ ሰዎች ካቶሊኮች ናቸው፤ ቄስም አብሯቸው አለ። የሱስንዮስን ነገር አታንሡ። ግንቡን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሳይታችሁ በሰላም መልሷቸው» አሉን። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም፤ ጎብኚ ወደ ጎንደር እንደ ልቡ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ሁላችንም ደክሞናል። በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ። ቡድኑን የላከልን የአዲስ አበባ ወኪል ነው። እንግዳ ከተከፋ ስልኩ የሚደወለው ለእሳቸው ነው፤ የሚቀጥለው ቡድንም ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል።

አብሮኝ የተመደበው ተለማማጅ ግን ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሱስንዮስ ከወጣ ፋሲል ምን ይቀረዋል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ኢየሱሳዊው (የጄዝዊት ማኅበር) የካቶሊክ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ የአፄ ሱስንዮስን ልብ ባያገኝ፣ ንጉሡም በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ባይቀበሉ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው እንግዶቹም በዚያው ስለጠየቁን ነው)። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ይካኑ አለና አገሩ ነደደ። በ1632 ንጉሡ አመፀኞቹን በጦርነት ቢያሸንፉም ሜዳው ላይ የተኛው የራሳቸው ሕዝብ ነበር፤ የሞተው በሺህ ይቆጠራል። በዚያው ዓመት «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተባለ። ልጃቸው ፋሲለደስ ነገሡ፣ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፣ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ይህን ዘልሎ ግንቡን የሚያስጎበኝ ሰው ምሰሶ የሌለው ጣሪያ እያሳየ ነው።

ለልጁ «እንደ ሁኔታው እናያለን» አልሁት። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎንደር ልጅ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ የግንቡን ታሪክ ከብዙዎቻችን አብልጦ ያነበበ። ነገር ግን ቢሮው ወደ ሥራ ሲያወጣው ውኃ እንዲይዝ፣ ከኋላ የቀረውን እንዲጠብቅ፣ ትኬት እንዲቆርጥ ነበር። እንዲናገር አይፈቀድለትም። «ሲበስል ይናገራል» ይባላል። እንዴት እንደሚበስል ግን የተናገረ የለም።

እንግዶቹ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ኃላፊያችን ራሳቸው ሊቀበሏቸው መጥተው ነበር። ቀጥ ብለው ወደ ቄሱ ሄዱ፤ በዕድሜም በልብስም ትልቁ እሳቸው ናቸውና ሌላ ማንን ይጨብጡ? ቄሱ እጃቸውን በአክብሮት ጨብጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ከኋላቸው ወደ ቆመች ልጅ አመለከቱ። «የዛሬዋ ባለ ተራ እሷ ናት፤ የምትፈልጉትን ከእሷ ጋር ጨርሱ። እኔ መንፈሳዊ አማካሪ ብቻ ነኝ።» ልጅቷ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አትበልጥም። ከቤልጅየም ነው የመጣችው። ኃላፊያችን ደንገጥ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ የፕሮግራሙን ወረቀት ግን ለእሷ ሰጧት።

ልጅቷ ወረቀቱን አነበበችና ጥያቄዋን ጀመረች። ጥላ ያለበት ቦታ የት ነው? ከመካከላችን አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃው ስንት ነው? ዓርብ ስለሆነ ጾመኛ አስጎብኚ የሚበላበት ቤት ምሳ ብንበላ ይሻላል አይደል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቀችው ስለ እኛ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ የቡድን መሪ አይቻለሁ፤ ስለ አስጎብኚው ጾም የጠየቀኝ ትልቅ ሰው ግን አላስታውስም። ከዚያ ወደ ተለማማጁ ዞራ፣ «አንተስ የትኛውን ክፍል ነው የምትነግረን?» አለችው።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ከአፌ ሳወጣው ብዙም ሳላመነታ፣ «የፋሲልን ግንብ እሱ ይነግራችኋል» አልሁ።

ግቢው ውስጥ ገብተን ግንቡ ፊት ቆምን። ልጁ መጀመሪያ ድምፁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ስለ ማማዎቹና ስለ ሰገነቱ ሲናገር እየጠነከረ ሄደ። ሱስንዮስን አላነሣም፤ ትእዛዙን ይዟል። ያነሣው እንግዳ ነው። አንድ ጀርመናዊ ወጣት እጁን አወጣ። «በ1638 ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሁለት መነኮሳት፣ አጋታንጀሎና ካሲያኖ፣ እዚህ ከተማ ተሰቅለዋል። በ1716 ደግሞ ሊበራት ቫይስና ሁለት ጓደኞቹ በድንጋይ ተወግረዋል። የመጣነው ይህን አንብበን ነው። በእናንተ በኩል እንዴት ነው የሚነገረው?»

ተለማማጁ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት።

ያን ጊዜ የተናገረውን ሁሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ አቀማመጡን ግን እናገራለሁ፤ ለማንኛውም አስጎብኚ ትምህርት ነው። ስለ ሁለቱ ካህናት ከመናገሩ በፊት በ1632 ሜዳ ላይ ስለ ወደቁት ገበሬዎች ተናገረ። ከዚያ ወደ 1638 መጣ፤ የታነቁት በገዛ መታጠቂያ ገመዳቸው እንደነበር ሳይደብቅ አወራ። የ1716ቱንም እንዲሁ። ንጉሥን አልሰደበም፣ ሚስዮናዊንም አላወገዘም። «ሕዝቡ እምነቱን በጉልበት ሊቀማ ሲል ደም ፈሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍርሃት መጣና ፈረንጅ ካህን በሙሉ ጠላት ተባለ። እናንተ የምትዘክሯቸው ሰዎች የሞቱት በዚያ ፍርሃት ውስጥ ነው» አላቸው። ይህ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አባባል ነው። ከእሱ የተሻለ አድርጌ የምናገረው አይመስለኝም።

ማንም አልተከፋም። ቄሱ ብቻ አንድ ነገር ጨመሩ። የጎጃሙ ተወላጅ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር መጥተው የተማሩ ሊቅ እንደነበሩ፣ በኋላም ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ከአቡነ ዩስጢኖስ ጋር ተገናኝተው ካቶሊክ መሆናቸውን፣ በ1855 በእስር ላይ ሳሉ መሞታቸውን ነገሩን። የቫቲካን ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ (ከቅድስና በፊት የሚሰጥ ማዕረግ ነው) ብላቸዋለች። አጋታንጀሎና ካሲያኖ በ1905፣ እነ ሊበራት ቫይስ በ1988 ነው ብፁዕ የተባሉት። «ስለዚህ ይህ ታሪክ የፈረንጅና የሐበሻ ብቻ አይደለም» አሉና ዝም አሉ።

ከዚያ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ባለ ተራዋ ሁሉንም በዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ እኔንና ተለማማጁንም ቁጭ በሉ አለችን። ሦስት ነገር ጠየቀች፤ ምን አየን? እንዴት እንመዝነዋለን? ምን እናደርጋለን? ይህ ዘዴ እሷ የፈጠረችው አይደለም። ጆዜፍ ካርዲን የሚባል ቤልጅየማዊ ካህን በ1925 ወጣት የካቶሊክ ሠራተኞችን ሲያደራጅ ያስፋፋው ነው። የፋብሪካ ልጆች ስለ ራሳቸው ኑሮ ራሳቸው አይተው፣ በወንጌል መዝነው፣ ራሳቸው እንዲሠሩበት አሰበ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1961 ባወጡት መልእክት ይህንኑ ደግፈው ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ የካቶሊክ ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ሆነ። ካርዲን በ1965 ካርዲናል ሆነው በ1967 ዐረፉ።

እረፍት ላይ ስለ ራሳቸው ጠየቅኋቸው። ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ወጣት መሪዎች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ፊምካፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የካቶሊክ አጥቢያ ወጣቶች ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን ነው። በ1959 በስዊዘርላንዷ ሉሰርን ከተማ ነው የተመሠረተው፤ ጽሕፈት ቤቱ ቤልጅየም አንትወርፕ ነው። የቤልጅየሙ ቺሮ፣ የስዊዘርላንዱ ዩንግቫክት ብላውሪንግ፣ የጀርመን፣ የፊሊፒንስና የጋና ድርጅቶችም አሉበት። ፌዴሬሽኑ ከላይ ሆኖ የሚያዛቸው አለቃ አይደለም። እያንዳንዱ በአገሩ በቋንቋው ይሠራል፤ በፌዴሬሽኑ በኩል ደግሞ ይጠያየቃሉ፣ ካምፕ አብረው ይወጣሉ፣ መሪ ያሠለጥናሉ። ባለ ተራዋ ስትነግረኝ፣ በእሷ አጥቢያ ልጆቹን በየሳምንቱ እሑድ የሚሰበስቡት፣ የሚያጫውቱት፣ ክረምት ካምፕ የሚወስዷቸው አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። ወላጅና ቄስ ይደግፋሉ፤ ውሳኔው ግን የወጣቶቹ ነው። እሷም ስድስት ዓመቷ ሳለ የገባችበት ቡድን ነው፤ አሁን ተራው ደርሷት ትመራለች።

ከመካከላቸው ያለች ኦስትሪያዊት ደግሞ፣ በአገሯ ጥር መባቻ ላይ ልጆች እንደ ሰብአ ሰገል ለብሰው፣ ኮከብ ይዘው፣ በየቤቱ እየዘመሩ ለድሆች አገሮች ገንዘብ እንደሚሰበስቡ ነገረችን። ተለማማጁ ተነሥቶ «እኛም እኮ አለን!» አለና ዱላ መሬት እየመታ ሆያ ሆዬ ጨፈረላቸው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። «ማነው የሚመራችሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ገንዘብ የሚይዘውን ራሳችን እንመርጣለን። ትልቅ ሰው አይገባም» አላት።

ይህን ሲል የኔታን አሰብሁ። ጎንደር የዜማ፣ የአቋቋም፣ የትርጓሜ ትምህርት አገር ናት። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስተምሩም። ፊደል ለያዘው ሕፃን ዳዊት የደገመው ልጅ ይሰጠዋል፤ ታናሹ ከታላቁ ይቀበላል፣ የኔታ ከሩቅ ሆነው ይሰማሉ፤ ሲሳሳት ያርማሉ። በዚያ መንገድ ነው ሊቅ ሲወጣ የኖረው። ያደግነው በዚህ ሆኖ ሳለ ቢሮ ስንገባ ወጣቱን ውኃ ተሸካሚ እናደርገዋለን። ፒያሳ ላይ፣ ግንቡ በር ላይ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ተራ እንዲደርሳቸው እየጠበቁ ጠጉራቸው ሲሸብት አይቻለሁ። ይህ ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል።

«ምን እናደርጋለን?» ወደሚለው ሲመጡ ፕሮግራሙ ውስጥ የሌለ ነገር ጠየቁ። የሱስንዮስ መቃብር አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው ብሏቸዋል ልጁ፤ እዚያ ሄደን እንጸልይ አሉ። ለኃላፊያችን ደወልሁ። ሹፌሩ ቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ ድምፃቸው ቆጣ ብሏል። «አታንሡ ብያችሁ አልነበረም እንዴ?» አሉ። «እንግዶቹ ናቸው ያነሡት፤ አሁን ደግሞ አዘዞ መሄድ ይፈልጋሉ፤ የሚጨመረውንም ይከፍላሉ» አልኋቸው። ጥቂት ቆይተው «ማን ነው የሚያብራራላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ተለማማጁ። እሱ ካልሆነ አንሄድም ብላለች ባለ ተራዋ» አልሁ። እውነትም ብላለች።

በአዘዞ ብዙ የሚነገር ነገር የለም። ሴቶቹ ነጠላ ተከናነቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከደብሩ ካህን ፈቃድ ጠይቀን ገባን። በየቋንቋቸው ጸለዩ። ልጁም ከዳር ቆሞ በራሱ ጸለየ።

ማታ ሆቴል ስናደርሳቸው ኃላፊያችን ሎቢው ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። ባለ ተራዋ አስተያየቷን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ምን እንደተጻፈ በኋላ አሳዩኝ። የአስጎብኚነት ዋጋ ለሁለት ሰው እንጂ ለአንድ ሰው አይሁን፤ ልጁ የተናገረው ሰዓት ይታሰብለት ይላል። ኃላፊያችን አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። በማግሥቱ ሒሳብ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ ለልጁ ተከፍሏል።

ከዚያ ወዲህ የሰኞ ስብሰባችን ተለውጧል። ስብሰባውን የሚመራው በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ነው፤ ተለማማጆችም ተራ ውስጥ ገብተዋል። ኃላፊያችን ጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዛሉ፤ መናገር ሲፈልጉ እጃቸውን ያወጣሉ። ልጁ ተራው ደርሶ መጀመሪያ የመራ ዕለት አጀንዳ ያደረገው የተለማማጆችን የትራንስፖርት አበል ነበር። ሁለት ሰዎች ተቃወሙ፤ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ፤ በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አለፈ።