አመዱና አፈሩ በአንድ ከረጢት

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ገደላማ መሬት ላይ በበጋው ማብቂያ የተነሣ እሳት አንድ የጽድና የአስታ ደን በላ። እሳቱ እንደ ጠፋ የደረሱት ባለሙያዎች ናሙናውን በአካፋ ዛቁት፤ አመዱም ከሰሉም ከሥሩ ያለው አፈርም አንድ ከረጢት ገባ። የላቦራቶሪው ውጤት ያስደስት ነበር። ፒኤቹ (የአፈሩ የአሲዳማነት መለኪያ) ከፍ ብሏል፣ ፖታሲየሙ ተትረፍርፏል፣ አንዱ የናይትሮጅን ዓይነት የሆነው አሞኒየምም ከወትሮው በላይ ነው። ስለዚህ ኮምፖስቱ ይቅር፣ ወይራው በዚሁ ክረምት ይተከል፣ የእርከኑ ሥራ ለመስከረም ይደር ተባለ።

ያላመኑበት አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈር ከምሮ አቃጥሎ ገብስ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። «ልጆቼ፣ የተቃጠለ አፈር ዓመት ሁለት ዓመት ትበሉበታላችሁ፤ ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ አሳርፉኝ ይላል። ያውም በሜዳው ነው፤ ይኼ ገደል ነው» አሉ። በቃለ ጉባኤው ግን አልሰፈረም።

ሐምሌ ላይ አመዱ በጎርፍ ሄደ፤ የወይራው ችግኝም ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ገረጣ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያሻል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ብረት አጥሮታል። ያረጀው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ግን ያጠረው ናይትሮጅን ነው።

ናይትሮጅን ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ በንኖ ይጠፋል፤ ፖታሲየምና ፎስፎረስ ግን ከ750 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ፤ አብዛኛው አመድ ውስጥ ይቀራል። የተረፈውን አሞኒየም ሸክላው አፈር ይይዘዋል። ባክቴሪያዎች በሳምንታት ውስጥ ወደ ሌላው የናይትሮጅን ዓይነት፣ ወደ ናይትሬት ሲቀይሩት ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ ናይትሬት እንደ ሸክላው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላለው የሚይዘው የለም፣ የሚመጠው ሥርም ተቃጥሏል። ከውሃው ጋር ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዥየምም ይዞ ይወርዳል። የአመዱ ፖታሲየም በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይሟሟል። ፎስፎረስ ብዙም አይሰርግም፤ የሚጠፋው አፈሩ ራሱ ሲታጠብ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የተለካው ሀብት እንግዲህ አብዛኛው መንገደኛ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር አመዱን በብሩሽ ጠርጎ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ከ0 እስከ 5 እና ከ5 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያለውን አፈር ለየብቻ መውሰድ ነው። ጥቁር ከሰል የቀረበት፣ ነጭ አመድ የለበሰና ግንድ ነድዶ አፈሩ የቀላበት ቦታ አይቀላቀሉም፤ የደረሰባቸው ሙቀት ለየቅል ነው። ከእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ነጥብ ይሰበሰባል። ናሙናው በ4 ዲግሪ ቀዝቅዞ ካልተጓዘ ባክቴሪያው ከረጢት ውስጥም ሥራውን ስለሚቀጥል የአሞኒየሙና የናይትሬቱ ቁጥር አይታመንም። ልኬቱ ከዝናብ በፊት፣ በክረምቱ አጋማሽና ከክረምት በኋላ ይደገማል።

እዚያው ቦታው ላይ የሚሠራ ሙከራም አለ። አመዱ ከተጠረገ በኋላ አፈሩን ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር እየፋቁ የውሃ ጠብታ ማሳረፍ ነው። ጠብታው ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይሰርግ ከቆየ እሳቱ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ ፈጥሯል፤ ጎርፍ ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የተቃጠሉት ግንዶች ተዳፋቱን አቋርጠው፣ በከፊል ተቀብረው፣ ከሥራቸው ያለው ክፍተት በአፈር ተደፍኖ ይጋደማሉ፤ ክፍተት ከቀረ ውሃው በዚያው ሾልኮ ቦይ ይቆፍራል። በመሃል ቅርንጫፍና ሣር ይነሰነሳል፣ ከብት አይገባም። ይህ ሁሉ ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት፤ ችግኙ ለቀጣዩ ክረምት ቢቆይ ምንም አይጎዳም።